የሰልፍ አጠባበቅ መመሪያ ለይሉኝተኞች

ወደ መዝናኛ ፓርክ የሚሄዱት ሊዝናኑ መስሎዎት ከሆነ ከወዲሁ ልብዎን ያዘጋጁ፤ የሚሄዱት ሊሰለፉ ነው። በሐምሌ ቅዳሜ ማለዳ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ ልጆችዎን ጭነው፣ 95ን ወደ ደቡብ ይዘው ቨርጂኒያ ዶስዌል ካለው ኪንግስ ዶሚንየን ሲደርሱ፣ ቀኑ የሚያልቀው በብረት አጥር መካከል ወዲያና ወዲህ ሲጠማዘዙ ነው። እዚያ በ2010 የተከፈተ (እዚህ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) 305 ጫማ ወደ ሰማይ የሚወጣ ሮለር ኮስተር አለ። ላዩ ላይ ተቀምጠው የሚጮኹት ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ለዚያች ጩኸት ግን ጠራራ ላይ አንድ ሰዓት፣ ሲብስም አንድ ሰዓት ተኩል ይቆማሉ። የቀኑ ዋና መዝናኛ ሰልፉ ከሆነ ደግሞ የቀኑ ዋና ተዋናይ «ኤክስኪዩዝ ሚ» እያለ በጎንዎ ሾልኮ የሚያልፈው ሰው ነው። ስለ ፀሐይ መከላከያ ቅባትና ስለ ውሃ የሚመክርዎት ሞልቷል። ስለዚህ ሰው ግን የመከረዎት የለም። ይህን ትልቅ አገራዊ ክፍተት ለመሙላት ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

አስቀድመው ይህን ይወቁ፦ ጣልቃ ገቡ የሚተማመነው በእግሩ ፍጥነት ወይም በክንዱ ጉልበት አይደለም። የሚተማመነው በእርስዎ ይሉኝታ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሲያልፍ አንዱም «ወዴት ነው?» እንደማይለው ያውቃል፤ እያንዳንዱ ሌላው እስኪናገር ሲጠብቅ እሱ ደርሶ ቀበቶውን ያስራል። ከመግቢያው አጠገብ ስልክ፣ ቦርሳና ኮፍያ የሚቀመጥባቸው የኪራይ ሣጥኖች ተደርድረዋል፤ ይሉኝታ የሚቀበል ሣጥን ግን አንድም የለም። ይዘውት መግባትዎ ካልቀረ ቢያንስ አያያዙን እንማማር።

በነገራችን ላይ «ሐበሻ ሰልፍ አያውቅም» የሚለውን ሐሜት አይቀበሉ። በደርግ ጊዜ ቀበሌ ሱቅ ለስኳርና ለሳሙና የተሰለፈ፣ ቦኖ ላይ ጀሪካኑን ደርድሮ ቡና ሊጠጣ ቤቱ የገባ፣ ድንጋይ አስቀምጦ «ይቺ የኔ ናት» ብሎ የሄደና ሲመለስ ድንጋዩን እዚያው ያገኘ ሕዝብ ነው። በሥራ መውጫ ሰዓት አዲስ አበባ ሜክሲኮ ወይም መገናኛ ላይ የሚዘረጋውን የታክሲ ሰልፍ ያየ ሰው ስለ ሥርዓት ከማንም ትምህርት አይሻም። ዕቃ ማሰለፍም የኛ ብቻ ብልሃት አይደለም። ሊዮን ማን የተባለ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ሜልበርን ውስጥ ለእግር ኳስ ትኬት ሌሊቱን በሰልፍ ያደሩ ሰዎችን አጥንቶ በ1969 አሳትሟል። ሣጥን ወይም የመኝታ ከረጢት ትቶ ለተወሰነ ጊዜ ዞር ማለት በሰልፈኞቹ ዘንድ የተፈቀደ ነበር፤ ብዙ የቆየ ግን ቦታውን ያጣ ነበር። አውስትራሊያዊውም ሆነ የቦኖው ሰልፈኛ አንድ ሕግ ነበራቸው ማለት ነው፤ ድንጋይ ይከበራል፣ የተረሳ ድንጋይ ግን ድንጋይ ብቻ ነው።

ፓርኩ እንዲህ ያለ ርኅራኄ የለውም። በብዙዎቹ የአሜሪካ ፓርኮች ለሌላ ሰው ቦታ መያዝም ሆነ ከሰልፍ ወጥቶ ወደ ነበሩበት መመለስ ያለ ወረፋ እንደ መግባት ይቆጠራል፤ ቅጣቱም የትኬቱ ገንዘብ ሳይመለስ መባረር ነው። ሲክስ ፍላግስ የተባለው የፓርኮች ኩባንያ ይህን በሕጉ አስፍሮታል፤ ኪንግስ ዶሚንየንም ከሐምሌ 2024ቱ የኩባንያዎች ውሕደት ወዲህ በዚያው ሥር ገብቷል። ስለዚህ ልጅዎን ወደ ሰልፍ ከመግባትዎ በፊት ሽንት ቤት ይውሰዱት። «አልመጣብኝም» ቢልም ይውሰዱት። የልጅ ፊኛ ከፊትዎ አሥር ሰው ብቻ የቀረበትን ደቂቃ ጠብቆ የሚነሣ ልዩ ፍጥረት ነው።

ጣልቃ ገብን ከሩቁ ለመለየት ዓይንዎን ያሠልጥኑ። በጣም የተለመደው ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ የሚመጣው ነው፤ ከሌላ ዓለም ጋር እየተነጋገረ ስለሆነ የእርስዎን መኖር ልብ አላለም። ስልኩ ብዙ ጊዜ ጠፍቷል። ሰልፉ በሚታጠፍበት ጥግ ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር የሚያስርና ቀና ሲል ከአጥሩ ወዲያ የሚገኝም አለ። ሁለቱም ቀላል ናቸው። ከባዱ ባለቤተሰቡ ነው። አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ብቻውን በጨዋነት ቆሞ ሲጠብቅ ያዩታል። ያሳዝንዎታል። «ወላጅ የለውም እንዴ?» ይላሉ ለባለቤትዎ። አርባ ደቂቃ ሲያልፍ ወላጅ እንዳለው ይረዳሉ። እናት፣ አባት፣ ሁለት አክስት፣ የአክስት ልጆች፣ አንድ አያትና እንፋሎቱ ያልጠፋ የድንች ጥብስ «ከሱ ጋር ነን፣ ከሱ ጋር ነን» እያሉ ተራ በተራ በእግርዎ ላይ ያልፋሉ። የድንች ጥብሱ ሽታ እስከ ማታ አይለቅዎትም።

ይህን ጊዜ ምን ይደረጋል? ሳይንስ ይጠየቃል።

ስታንሊ ሚልግራም የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ምሁር ነበር። ተራ ሰዎች ስለታዘዙ ብቻ፣ በማያውቁት ሰው ላይ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚለቁ መስሏቸው ማብሪያውን ሲጫኑ ያሳየው እሱ ነው። ከዚያ በማይተናነስ ጭካኔ ደግሞ ተባባሪዎቹን ኒውዮርክ ውስጥ ወደ ባቡር ትኬት መሸጫዎችና ወደ ውርርድ ቤቶች ልኮ ያለ ወረፋቸው እንዲገቡ አዘዛቸው። በ129 ሰልፎች ላይ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሰው መካከል፣ «ይቅርታ፣ እዚህ ጋ ልግባ» እያሉ ገቡ። ውጤቱ የታተመው ሚልግራም ከሞተ በኋላ በ1986 ነው። አንድ ሰው ብቻ ሲገባ ተቃውሞ የተነሣው በግማሽ ያህሉ ሰልፍ ነው። ሁለት ሆነው ሲገቡ ከአሥሩ በዘጠኙ ላይ ሰው ተነሣባቸው። እጁን የሰነዘረ፣ ማለትም የጎተተ ወይም የገፋ ሰው የተገኘው ከአሥር ሰልፍ በአንዱ ነበር፤ ይህም ኒውዮርክ ውስጥ መሆኑን አይርሱ።

ለእኛ የሚጠቅመው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ከሁሉ ይልቅ የተናገረው ከጣልቃ ገቡ በስተኋላ ወዲያው የቆመው ሰው ነበር። ሚልግራም በዚያ ቦታ ላይ የራሱን ሰው፣ አፉን ዘግቶ የሚቆም ተባባሪ ሲያስቀምጥ፣ ተቃውሞው ወደ ሩብ ወረደ። ሁለት ዝምተኞች ሲያስቀምጥ ደግሞ ከሃያ ሰልፍ በአንዱ ብቻ ነው ሰው ትንፍሽ ያለው። የኋለኞቹ ያዩት ነገር ግልጽ ነው፤ የተበደለው ሰው ካልተቆጣ እኔን ምን አገባኝ፣ ምናልባትም ዘመዱ ነው።

ስለዚህ፣ ውድ አንባቢ፣ ከኋላው ወዲያው የቆሙት እርስዎ ከሆኑ ችሎቱ እርስዎ ነዎት። ይግባኝ ሰሚ የለም። እርስዎ «ትንሽ ቦታ ናት፣ ለሰላም ሲባል ይለፍ» ብለው ቸርነት ሲያደርጉ፣ የሰጡት የራስዎን ቦታ ብቻ አይደለም፤ ከኋላዎ በፀሐይ የሚጠበሱትን የሁለት መቶ ሰዎች ቦታ ነው በስጦታ ያከፋፈሉት። ሳይጠየቁ። አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ከሆኑ ደግሞ ራስዎ ጣልቃ ገቡን አይጥሩት። ከእሱ ኋላ ያለውን ዝምተኛ በትሕትና «አብረውዎት ናቸው?» ብለው ይጠይቁት። ያ ሰው «አይደሉም» ከማለት ሌላ መንገድ የለውም፤ አንዴ ከአፉ ከወጣ ደግሞ ነገሩ የእሱ ነገር ሆነ ማለት ነው። ተንኮል ነው፤ ግን ከይሉኝታ ጋር የሚስማማ ተንኮል ነው።

አሁን ስለ ሰዓቱ። የመቃወሚያው ጊዜ ከአሥር ሰከንድ አይበልጥም። በነዚያ አሥር ሰከንዶች ውስጥ ካልተናገሩ ሰውየው ጎረቤትዎ ይሆናል፤ ልጁ ልጅዎን ፈገግ ይልለታል፣ ሚስቱ «ሙቀቱ አይጣል!» ትልዎታለች፣ እርስዎም «ኧረ ተይው» ይሏታል፤ ከዚያ ወዲያ መቃወም ጠብ መፈለግ ይሆናል። ቃሉም አጭር ይሁን። «ሰልፉ የሚጀምረው ከዚያ ጋ ነው» ብለው በእጅዎ ያሳዩት። ሌባ አያድርጉት፣ የጠፋበት መንገደኛ ያድርጉት፦ «ሳያዩት ቀርተው ነው እንጂ» ይጨምሩለት። ሰው ክብሩን ይዞ ወደ ኋላ የሚሄድበት በር ከተከፈተለት ብዙ ጊዜ ይሄዳል። በሩን ዘግተው «አታፍርም?» ካሉት ግን አለማፈሩን እዚያው ለማረጋገጥ ይገደዳል።

የማይሠሩትን ደግሞ አንድ በአንድ ልንገርዎት፣ ምክንያቱም እርስዎ የሚሞክሩት እነሱን ነው። ጉሮሮ መጥረግ አይሠራም። ከንፈር መምጠጥ አይሠራም፤ ፈረንጅ ከንፈር ሲመጠጥ ቢሰማ ጥርስዎ መሃል ሥጋ የገባ ነው የሚመስለው። ወደ ሰማይ አንጋጦ መተንፈስም ለሰማይ ካልሆነ ለማንም አይደርስም።

ከሁሉ የከፋው፣ ከሁሉም በላይ የሚወደደው ዘዴ፣ በአማርኛ ጮክ ብሎ ለባለቤት ማማረር ነው። «አየሽልኝ ይሄን ዓይነ ደረቅ? ሰው መሆናችንንም አላየ!» ይላሉ፣ ፊትዎን ወደ ሮለር ኮስተሩ አዙረው፣ ስለ አየሩ ሁኔታ የሚናገሩ መስለው። ይህ ዘዴ ሞንታና ውስጥ ይሠራ ይሆናል። ከዋሽንግተን ዲሲ የአንድ ቀን መንገድ ርቀት ውስጥ ባለ ማንኛውም ፓርክ ግን ዓይነ ደረቁ ቀስ ብሎ ዞር ይልና «ይቅርታ፣ እኔን ነው?» ይልዎታል፣ ጥርት ባለ አማርኛ። ከዚህ በኋላ የሚከተለውን ሁሉም ያውቀዋል። መጀመሪያ ድንጋጤ። ከዚያ «ኧረ አንተን አይደለም፣ እዚያ ያለውን ነው»። ከዚያ «ከየት ናችሁ?»። ደብረ ብርሃን ሆኖ ይገኛል። የማን ልጅ ነህ ሲባል፣ የባለቤትዎ የክርስትና እናት ጎረቤት ሆኖ ይገኛል። ልጆቹ «ጋሼ» ብለው ይስሙዎታል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጣልቃ ገቡ ዘመድ ሆኗል፣ ዘመድ ደግሞ «ከእኛ ጋር ነው»፤ ከኋላ የቆመው ቤተሰብም ስለ እርስዎ በስፓኒሽ እያማረረ ነው። ይህን ጦርነት ያሸነፈ ሐበሻ አላውቅም። መፍትሔው ገና ሲገባ በእንግሊዝኛ መናገር ነው፤ በእንግሊዝኛ ዝምድና አይቆጠርም።

ምክንያት አይጠይቁ። ይህን በተለይ ያሰምሩበት። በ1978 ኤለን ላንገር የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ ፎቶኮፒ ለማንሳት የተሰለፉ ሰዎች ላይ ሙከራ አድርገው ነበር። «አምስት ገጽ አለኝ፣ ማሽኑን ልጠቀም?» ሲባሉ 60 በመቶው እሺ አሉ። «ስለቸኮልኩ» ተብሎ ምክንያት ሲጨመር 94 በመቶ። «ፎቶኮፒ ማንሳት ስላለብኝ» የሚል ባዶ ምክንያት ሲጨመርስ? 93 በመቶ። እዚያ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ፎቶኮፒ ሊያነሣ መምጣቱን ማንም አላስታወሰም። እንግዲህ ጣልቃ ገቡን «ለምን?» ብለው ከጠየቁት «መሳፈር ስላለብኝ» ይልዎታል፣ እርስዎም «እንደዚያ ከሆነ እሺ» ብለው ያሳልፉታል። ጥናቱ ግን ጭራ አለው፦ ገጹ ሃያ ሲሆን ባዶው ምክንያት መሥራት አቆመ፤ ሰው እውነተኛ ምክንያት ፈለገ። ስለዚህ የሚጠየቀው «ለምን?» ሳይሆን «ስንት ናችሁ?» ነው። «ዘጠኝ» የሚለው ቃል ከራሱ አፍ ሲወጣ የነገሩ ክብደት ለእሱም ይሰማዋል፣ ከኋላዎ ለቆሙትም ይሰማል።

ገንዘብ ቢያቀርብልዎትስ? ይህም ተጠንቷል። ፌሊክስ ኦበርሆልዘር-ጊ የተባለ ኢኮኖሚስት በ2006 ባሳተመው ሥራ በሰልፍ ላይ ያሉ ሰዎች እስከ 10 ዶላር እየቀረበላቸው እንዲያሳልፉ ተጠየቁ። ገንዘቡ ሲጨምር እሺ የሚለው ሰው በዛ፤ አብዛኛው ግን ዶላሩን አልተቀበለም። ሰውየው በእርግጥ ቸግሮት ነው ብሎ አሳለፈው እንጂ ከችግሩ ላይ ማትረፍ ነወረው። ይህን ሳነብ አሜሪካውያን ላይ ያለኝ አመለካከት ተሻሻለ። ምግብ ቤት ውስጥ «እኔ ልክፈል» ብለን የምንጋፋውን እኛን ያስታውሰኛል፤ እነሱም ብሩን ገፍተው መንገዱን ይሰጣሉ።

ገንዘቡን የሚቀበለው ሌላ ነው፦ ፓርኩ። እዚህ ላይ ወደ ትልቁ ጣልቃ ገብ እንምጣ። ይህኛው አይሾልክም፣ አያጎነብስም፣ የጠፋ ስልክም አያወራም። ከጎንዎ ባለው ባዶ መንገድ ቀና ብሎ፣ በረጋ እርምጃ፣ ቀዝቃዛ መጠጡን እየመጠጠ ይመጣል። የእርስዎ ሰልፍ በሠራተኛው መዳፍ ይቆማል፤ እሱ ይገባል። ደረሰኝ አለው።

ታሪኩ ረጅም ነው። ካሊፎርኒያ አናሃይም ዲዝኒላንድ ሐምሌ 17 ቀን 1955 ለተጋበዙ እንግዶች ሲከፈት፣ በሐሰተኛ ትኬት የገባው ሰው ብዛት ቀኑን አተረማመሰው፤ አንድ ሰው ከአጥሩ ላይ መሰላል ደግፎ በነፍስ ወከፍ 5 ዶላር እየተቀበለ ሰዎችን ያሻግር እንደነበርም ይተረካል። የዚያን ጊዜ ይህ ማጭበርበር ይባል ነበር። በ1999 ዲዝኒ ፋስትፓስ የተባለ አሠራር ጀመረ፤ ወረቀቷን ከማሽን ወስደው ሌላ ቦታ ዞር ብለው በተባለው ሰዓት በአጭሩ ሰልፍ ይገባሉ። በነፃ ነበር፤ ለሁሉም። ድንጋይ አስቀምጦ ቡና ሊጠጡ እንደመሄድ ያለች ጨዋ ነገር ነበረች። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ቆመች፣ አልተመለሰችም። በጥቅምት 2021 ፍሎሪዳ ውስጥ በምትኳ ጂኒ ፕላስ በቀን በሰው 15 ዶላር መጣ። በ2024 መጨረሻ ደግሞ ፕሪሚየር ፓስ የሚባለው ሲጀመር ዋጋው እንደ ፓርኩና እንደ ቀኑ ከ129 እስከ 449 ዶላር ነበር፤ ይህ የመግቢያውን ትኬት አይጨምርም፣ በሰውም ነው። የመሰላሉ ባለቤት በሕይወት ቢኖር ዋጋውን በማሳነሱ ይቆጭ ነበር።

የሒሳቡ አሠራር ቀላል ነው። የሮለር ኮስተሩ ባቡር በሰዓት የሚጭነው ሰው የተወሰነ ነው። አንድ ሺህ ነው እንበል፤ ከዚህ ውስጥ ሰባት መቶው ወንበር ለባለ ደረሰኙ መንገድ ከሄደ፣ ለእርስዎ ሰልፍ የሚቀረው ሦስት መቶ ነው። ያ ባለ ድንች ጥብሱ ቤተሰብ ሙሉውን ቢገባብዎት የወሰደብዎት ሁለት ደቂቃ ያህል ነው። እኔ የምመክረው ቁጣን በዚሁ መጠን ማከፋፈል ነው፦ አንዲት ማንኪያ ለቤተሰቡ፣ የቀረው ድስት ለፓርኩ ቢሮ። ግን ባለ ደረሰኙን ሰው አይቆጡት። ምናልባት ዓመቱን ሙሉ ትርፍ ሰዓት ሠርቶ ልጆቹን ለአንድ ቀን ያመጣ አባት ነው፤ ምናልባትም ያው የደብረ ብርሃኑ ሰው ነው።

ደረሰኝ ያለው ሁሉ ደግሞ ከፓርኩ የገዛ አይደለም። በ2013 ኒውዮርክ ፖስት፣ ሀብታም የማንሃተን እናቶች አካል ጉዳተኛ አስጎብኚ በሰዓት 130 ዶላር፣ ለስምንት ሰዓት 1,040 ዶላር ቀጥረው፣ የቤተሰብ አባል አስመስለው ዲዝኒ ወርልድ ውስጥ ያለ ሰልፍ ያልፉ እንደነበር ጻፈ። ዲዝኒ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ አሠራሩን ለወጠ፣ በ2024 ደግሞ ይበልጥ አጠበቀው፤ ዋሽቶ የተገኘ ዳግም እንዳይገባ እስከ መከልከል ደረሰ። የጠበበው በር ግን ዋሾውን ብቻ አልነበረም የከለከለው፤ ለዓመታት ሲጠቀሙበት የነበሩ፣ በእርግጥ ረጅም መቆም የማይችሉ ሰዎችም ውጭ ቀሩ። ስለዚህ በልዩ መንገድ የሚገባ ሰው አይተው «ምንም አልሆነም እኮ፣ ጤነኛ ነው» ብለው ከመመርመርዎ በፊት ሐኪም መሆንዎን ያረጋግጡ። ይህን እንኳ በቀልድ አላልኩም።

ሠራተኛውን መጥራት ይቻላል? ይቻላል፣ ግን ከእሱ ብዙ አይጠብቁ። እሱ የመገናኛ ተራ አስከባሪ አይደለም፤ ተራ አስከባሪ ፊት ያያል፣ ማን ከየት እንደመጣ ያስታውሳል፣ በአንድ ጩኸት ሰባት ሰው ወደ ኋላ ይመልሳል። ይህ ግን የክረምት ሥራ የያዘ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ ሐሳቡ ሁሉ ቀበቶ ላይ ነው፣ ደግሞም ትክክል ነው። ጣልቃ ገቡን ከማሳፈሩ በፊት ቀርበው ልብሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጹለት፤ እሱ ጠባቂ ይጠራል። ግፊያ ከጀመሩ ግን ተበዳይና በዳይ ሳይለይ ሁለታችሁም ከበሩ ውጭ ናችሁ። ወረፋ በሕግ አስከባሪ እንዲከበርልዎት ካማረዎት ወደ ሲያትል ቢሻገሩ ይሻላል፤ በዋሽንግተን ግዛት በጀልባ ለመሻገር በመኪና ከተሰለፉት ቀድሞ መግባት የትራፊክ ጥፋት ነው፣ ከቅጣቱ ሌላ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይመልሱዎታል። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ሕግ ለምን በሠርግ ቡፌ ላይም እንደማያስተገብሩት አይገባኝም።

የመጨረሻው ፈተና ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ከቤት ነው የሚመጣው። የዕድርዎ ሰው በአውቶቡስ ፓርኩ ድረስ ወጥቷል እንበል። እርስዎ ሰልፍ መሃል ላይ ሳሉ፣ በልጅነትዎ ያሳደጉዎት አንዲት እናት ከአጥሩ ባሻገር ያዩዎታል። «ውይ! አንተ ልጅ! አለህ?» ብለው እጃቸውን ዘርግተው ይመጣሉ። አንድ ጉንጭ ይስማሉ፤ ሰልፉ አንድ እርምጃ ይሄዳል። ሁለተኛው ጉንጭ፤ እሳቸውም አብረው ይራመዳሉ። «ልጆቹስ? እናትህስ? ያ እግሯ ተሻላት?» እስኪሉ በአጥሩ ክፍት በኩል ገብተዋል፤ ከኋላቸው ደግሞ ነጠላቸውን የያዘች የልጅ ልጅ። ማንም ጣልቃ አልገባም፤ ሰላምታ ነው የተሰጠው። እሳቸውን «ሰልፉ ከዚያ ጋ ነው» የሚል ሰው ወደ ዕድሩ ባይመለስ ይሻለዋል።

ስለዚህ ሰላምታው በአጥሩ ላይ ተንጠልጥለው፣ እግርዎ እውስጥ ሆኖ፣ አንገትዎ እውጭ ሆኖ ይፈጸም። እሳቸው አጥሩን ካለፉ ግን አንድ የተከበረ መንገድ ይቀራል፦ ቦታዎን ለእሳቸው ይስጡ። በሙሉ። «እማማ፣ የኔን ይያዙ» ብለው እርስዎ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይሂዱ። አንድ ገባ፣ አንድ ወጣ፤ ከኋላ ያለ ማንም ሰው አንድ ደቂቃ አላጣም። ለልጅ ልጂቱ ደግሞ ባለቤትዎን ይላኩ። 305 ጫማውን ሲያዩ እማማ ራሳቸው «ይሄማ የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው የመውጣታቸው ዕድል ሰፊ ነው፤ ያኔ ቦታዋ ለማንም አትሆንም፣ እርስዎም ያሉት ከመቶ ሃምሳ ሰው በኋላ ነው፤ ግን ምርቃቱ አለ።

በዚህ ሁሉ አልፈው ባቡሩ ጋ ሲደርሱ የሚጫነው በሁለት በሁለት ነው። ሠራተኛው «አንድ ሰው!» ይላል። ቀጥሎ እርስዎ ነዎት፤ ከኋላዎ ያሉት ደግሞ በዕድሜ ከፍ ያሉ ሐበሻ ናቸው። «እርስዎ ይቅደሙ» ይላሉ። «ኧረ በጭራሽ፣ የደረሰው አንተን ነው።» «በሞቴ!» «አትሙትብኝ፣ ግባ።» «እንዴት እኔ እርስዎን ቀድሜ?» አማርኛ የማይሰማው ልጅ ጠብ የተነሣ መስሎት ሁለታችሁንም በእጁ ያቆምና ወንበሩን ብቻቸውን ለሚሳፈሩ ከተከፈተው ትንሽ ሰልፍ አንድ ሰው ጠርቶ ይሞላዋል። እባክዎ፣ «ግባ» ሲባሉ ይግቡ። ክርክሩን ከወረዱ በኋላ መውጫው ላይ፣ ስትጮኹ የተነሣችሁት ፎቶ የሚሸጥበት ጋ ይቀጥሉበት፤ እዚያ ደግሞ «እኔ ልክፈል» የሚለው ይጠብቃችኋል።